ሰው አልባው አጋሰስ፦ የጠፈር ጣቢያ ስንቅ ከባይኮኑር እስከ ፓሲፊክ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጠፈር ጣቢያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጠፈርተኞቹ ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለ ስንቃቸው ነው፤ ስንቁን ስለምታደርሰው፣ ሹፌርም ረዳትም ስለሌላት መንኮራኩር። ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሙያው መዝገብ የተያዘው በዚያ ነውና።

ከስምንት ወር ታሪክ ልጀምር። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከዋሎፕስ የተነሳው አንታረስ ሮኬት 15 ሰከንድ ያህል እንደበረረ ሞተሩ ፈነዳና ተመልሶ ማስወንጨፊያው አጠገብ ወደቀ። የጫናት የጭነት መንኮራኩር ሲግነስ ከነስንቋ ጠፋች። ኤፕሪል 28 ቀን 2015 ካዛክስታን ካለው ማስወንጨፊያ፣ ከባይኮኑር፣ የተነሳችው የሩሲያ የጭነት መንኮራኩር ፕሮግረስ ኤም-27ኤም ምህዋር ብትደርስም፣ ከሮኬቱ ሦስተኛ ክፍል ስትለይ ችግር ገጥሟት መሽከርከር ጀመረች። ማንም ሊያረጋጋት አልቻለም፤ ሜይ 8 ቀን ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ ተቃጠለች። ጁን 28 ቀን 2015 ደግሞ የአሜሪካዋን የጭነት መንኮራኩር ድራገንን የጫነው ፋልከን 9 ሮኬት በተነሳ በ139ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነ።

በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጭነት ጠፋ። ሮኬቶቹ ሦስት ዓይነት፣ ምክንያቶቹም ሦስት ዓይነት ናቸው። ስንቁ የሚሄድለት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ግን የተራበ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ጭነት በጠፋበት ቀን እንኳ ጓዳው እስከ ኦክቶበር የሚያዘልቅ ነበረው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 3፣ ፕሮግረስ ኤም-28ኤም በሌላ ሮኬት፣ በአሮጌውና በተፈተነው ሶዩዝ-ዩ ተነስታ ጁላይ 5 ደረሰች። ኦገስት ላይ የጃፓኗ ኮኖቶሪ 5 ተከተለች፤ ከጠፉት ጭነቶች ጋር የቀሩትን የውኃ ማጣሪያ ክፍሎች በምትካቸው ይዛ።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሮኬቱ ሳይነሳ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህችኛዋ ባትደርስ ስንት ቀን እንቆያለን? ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ዝርዝር ሁሉ፣ ከብሎኑ እስከ ቫልቩ፣ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። እንደ ምሳሌ የማነሳው የሩሲያዋን ፕሮግረስን ነው። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያላት እሷ ናት፤ የመጀመሪያዋ ወደ ሶቪየት ኅብረቱ ሳልዩት 6 ጣቢያ የተላከችው ጃንዋሪ 20 ቀን 1978 ነበር። በዚያን ጊዜ ጣቢያው ላይ የነበሩት ዩሪ ሮማኔንኮና ጆርጂ ግሬችኮ ናቸው።

ጣቢያው ምን ይፈልጋል? አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይተነፍሳል። ምግብ ይበላል፤ ውኃ ይጠጣል። ልብስ ማጠቢያ ስለሌለ የቆሸሸ ልብስ ይጣልና አዲስ ይለበሳል። ከውኃው አብዛኛው ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ከሽንት፣ ከላብና ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ተጣርቶ ይጠጣል። በ2023 የአሜሪካው ክፍል ማጣሪያ 98 ከመቶ የሚሆነውን ውኃ መመለስ ቻለ። ማጣሪያው ግን ራሱ መለዋወጫ ይበላል። ስንቅ ሲባል ምግብ ብቻ የሚታየው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምግቡ ሳያልቅ አንድ ፓምፕ ወይም አንድ ማጣሪያ ቢጠፋ፣ ቆጠራው በዚያ ዕቃ ይጀምራል።

ፕሮግረስ ሰዎችን የምታመላልሰው የሶዩዝ መንኮራኩር እህት ናት። ርዝመቷ ከ7 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ የሆዷ ስፋት 2.72 ሜትር ነው፤ ስትነሳ ከ7 ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ከዚያ ውስጥ 2.5 ቶን ያህሉ ጭነት ነው። ሶዩዝ ላይ ሰዎቹ የሚመለሱባት መሐከለኛ ክፍል አለች፤ ፕሮግረስ ላይ በዚያ ቦታ የነዳጅ ታንኮች ገብተዋል። መመለስ ስለማትችል የሙቀት መከላከያ ጋሻ የላትም፤ ፓራሹትም የላትም። ሦስት ክፍል አላት፦ ከፊት አየር ያለው የደረቅ ጭነት ክፍል፣ መሐል የነዳጅ ክፍል፣ ከኋላ ሞተሩና ኤሌክትሮኒክሱ።

ከንድፏ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ ነገር አለ። ለጣቢያው የሚሰጠው ነዳጅ ከመሐለኛው ክፍል ተነስቶ ወደ አፍንጫዋ የሚሄደው በደረቅ ጭነት ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ቧንቧው በመንኮራኩሯ ውጫዊ አካል ላይ ነው የተዘረጋው። ነዳጁ በምህንድስናው ዓለም ሄፕቲል የሚባለው ዲሜቲልሃይድራዚን ነው፤ አብሮት የሚሄደው ማቃጠያ ደግሞ አሚል የሚባለው ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ነው። ሁለቱም መርዝ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ክብሪት በራሳቸው ይቀጣጠላሉ፤ ለጠፈር ሞተር የተመረጡትም ለዚህ ነው። ቧንቧው ቢያፈስ እንኳ የሚፈሰው ወደ ባዶው ህዋ እንጂ ጠፈርተኞቹ ወደሚተነፍሱት አየር አይደለም።

አሁን ወደ ጭነት አጫጫኑ። ጭነት የጫነ የሀገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አጋሰስ ላይ የተጫነው ወደ አንድ ወገን ካመዘነ፣ መንገዱ ገደል ሲሆን አጋሰሱም ጭነቱም ገደል ይገባሉ። ህዋ ላይ ክብደት የለም ብሎ የሚዝናና ተሳስቷል፤ ክብደት ባይኖርም ቁስ አለ። ሞተሩ የሚገፋው መስመር በቁሱ መሐል ካላለፈ መንኮራኩሯ በእያንዳንዱ ግፊት ትዞራለች፤ ያን ለማስተካከል ትናንሾቹ ሞተሮች ነዳጅ ይበላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን ይመዘናል፤ የት እንደሚቀመጥ በስሌት ይወሰናል፤ ከባዱ ከመሐል መስመሩ አጠገብ ይሆናል። ዕቃው በክፈፍ ላይ በብሎንና በማሰሪያ ይታሰራል። ሮኬቱ ሲነሳ የሚኖረው ንዝረትና ጫና ታስቦ ስለሆነ አስተሳሰሩ ጠንካራ ነው። ሲደርስ ጠፈርተኛው መፍቻና ካቻቢቴ ይዞ ብሎን ሲፈታ የሚውለውም ለዚህ ነው። ለስላሳው ዕቃ በነጭ የጨርቅ ከረጢት ይገባል፤ ከረጢቱ ላይ ኮድ አለ፤ ኮዱ ጣቢያው ላይም ምድር ላይም ባለው መዝገብ ይመዘገባል። መዝገቡ ከተሳሳተ ዕቃው አለ፣ ግን አይገኝም። ጣቢያው ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው ጓዳ ነው፤ አንድ ከረጢት ከሰሌዳ ጀርባ ተንሸራቶ ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ፖም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የመሳሰለው ትኩስ ነገር በመጨረሻ ይጫናል፤ በሩ ሲከፈት በቅድሚያ እንዲወጣ ደግሞ በር አጠገብ ይሆናል።

መንኮራኩሯ ባይኮኑር ላይ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ ገብታ ማፍሰስና አለማፍሰሷ ይፈተሻል፤ ከዚያ መርዛማው ነዳጅ በልዩ ጣቢያ ይሞላል። ነዳጅ ከተሞላ በኋላ አንድ ቫልቭ ችግር ቢታይበት ነገሩ ከባድ ነው፤ ነዳጁን አስወጥቶ አጥቦ ማድረቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ፍተሻው የሚበዛው ነዳጁ ከመግባቱ በፊት ነው።

ማስወንጨፉ አጭር ነው። ሶዩዝ-2.1ኤ ሲነሳ አራቱ ጎን ሞተሮች በ118ኛው ሰከንድ ገደማ ይወድቃሉ፤ ከዘጠኝ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መንኮራኩሯ ምህዋር ላይ ነች፤ አንቴናዎቿና የፀሐይ ሰሌዳዎቿ ይዘረጋሉ። ግን ከጠፉት ጭነቶች አብዛኞቹ የጠፉት በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ኦገስት 24 ቀን 2011 ፕሮግረስ ኤም-12ኤም የጠፋችው የሮኬቱ ሦስተኛ ክፍል ሞተር ነዳጅ ስላነሰው ነው፤ ወደ ጋዝ ማመንጫው የሚወስደው መስመር ተደፍኖ ነበር። ስብርባሪው አልታይ አካባቢ ወደቀ። ያ ሞተር ሰዎችን በሚያወጣው ሶዩዝ ላይም ስለሚሠራ የሰዎቹ ጉዞ ቆመ፤ ጣቢያውን ለጊዜው ያለ ሰው ስለመተው እስከመመካከር ተደረሰ። የጭነት ሮኬት ሲወድቅ የሚጠፋው ጭነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የሰዎቹም መንገድ ይዘጋል።

የ2015ቱ ፋልከን 9 ጉዳይ ደግሞ የአንድ ብረት ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ክፍል ፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ ውስጥ የሂሊየም ጠርሙሶች በብረት ድጋፎች ተይዘው ይቆማሉ። ከድጋፎቹ አንዱ ይሸከማል ከተባለው ጫና አምስት እጅ በሚያንስ ኃይል ተሰበረ። ጠርሙሱ ተፈትቶ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ታንኩ ፈነዳ። ልብ በሉ፤ ድራገኗ ራሷ ከፍንዳታው ተርፋ ነበር። ሶፍትዌሯ ግን በዚያ የጉዞ ምዕራፍ ፓራሹት እንዲከፍት አልተጻፈም ነበርና ባሕር ላይ ተከሰከሰች። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ተለወጠ። ጥቂት መስመር ኮድ ቢኖር ኖሮ ጭነቱ ይድን ነበር፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከማስወንጨፊያ ወደ ጣቢያው እንሂድ። የጣቢያው ምህዋር ከምድር ወገብ 51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ በኢትዮጵያም ሰማይ ላይ የሚያልፈው፣ ንጋትና ምሽት ላይ እንደ ፈጣን ኮከብ የምናየው ለዚህ ነው። ሮኬቱ መነሳት የሚችለው ምድር ስትዞር ባይኮኑር በዚህ ምህዋር ገጽ ስር በምትሆንበት ቅጽበት ነው። ከዚያ ማሳደድ ይጀምራል። ማሳደዱ መንገድ ላይ እንደሚደረገው አይደለም። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች መንኮራኩር ምድርን በ88 ደቂቃ ተኩል ገደማ ትዞራለች፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ጣቢያ ግን 93 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ዝቅ ብሎ የሚሄደው ይቀድማል። ፕሮግረስ በእያንዳንዱ ዙር አራት ደቂቃ ያህል እያተረፈች፣ ቀስ በቀስ ሞተሯን እየነካካች ከፍ ትላለች። አንድ ሰው ጣቢያውን ከፊቱ አየሁት ብሎ ፍጥነት ቢጨምር ከፍ ይልና ወደ ኋላ ይቀራል።

በድሮው ዘዴ ይህ 34 ዙር፣ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ኦገስት 2012 ፕሮግረስ ኤም-16ኤም በስድስት ሰዓት ገደማ ደረሰች። ጁላይ 9 ቀን 2018 ፕሮግረስ ኤምኤስ-09 ሁለት ዙር ብቻ ዞራ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተጣበቀች። ለዚህ ግን ጣቢያው ከቀናት በፊት ከፍታው ይስተካከላል፤ ሮኬቱ በሚነሳበት ቅጽበት ትክክለኛ ቦታ ላይ መገኘት አለበት። በአጭሩ መንገድ ለመሄድ ያልተመቸ ቀን ሁለት ቀኑን መጓዝ ነው፤ ጭነቱ አይበላሽም።

መጣበቁ የሚጀምረው ኩርስ በሚባለው የሬዲዮ ሥርዓት ነው። መንኮራኩሯና ጣቢያው ሬዲዮ እየተላላኩ ርቀትን፣ ፍጥነትንና አቅጣጫን ይለካሉ። መጀመሪያ ጣቢያውን ዞራ ከምትገባበት በር ፊት ትሰለፋለች፤ ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ትቆምና ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላ የመጨረሻውን መንገድ ትጀምራለች። አፍንጫዋ ላይ ያለው ዘንግ ጣቢያው ላይ ካለው ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የዘንጉ ጫፍ በሾጣጣው ጫፍ ይያዛል፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይጎተታል፤ ከዚያ ክብ ቀለበቱ ዙሪያ ያሉት መንጠቆዎች ይቆለፋሉ። ፍጥነቷ ስትነካ በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 360 ሜትር ማለት ነው፤ ከኤሊ ጉዞ ብዙም አይርቅም።

ለምን እንዲህ ቀስ? ሂሳቡን እንሥራው። 7 ቶን በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ያለው የግጭት ኃይል 35 ጁል ነው፤ አንድ ኪሎ ዕቃ ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር እኩል። ፍጥነቱን ወደ ሦስት ሜትር አሳድጉት። ፍጥነቱ 30 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 900 እጥፍ ይሆናል፤ ከ31,000 ጁል በላይ።

ይህን ቁጥር የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጁን 25 ቀን 1997 ፕሮግረስ ኤም-34 የሩሲያውን ሚር ጣቢያ የመታችው በዚያ ፍጥነት አካባቢ ነበር። ያን ቀን የተሞከረው ቶሩ የሚባለው የእጅ መቆጣጠሪያ ነው፤ ጠፈርተኛው ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ከመንኮራኩሯ በሚመጣ የቴሌቪዥን ምስል እያየ በሁለት እጀታ ይነዳታል። ኩርስ ዩክሬን ውስጥ የሚሠራ ውድ መሣሪያ ስለነበር ያለሱ መሥራት ይቻል እንደሆነ ማየት ተፈልጎ ነበር። የኩርስ ራዳር የቴሌቪዥኑን ምስል ያውካል ተብሎ ስለተጠረጠረም ተዘጋ። ስለዚህ አዛዡ ቫሲሊ ጺብሊየቭ የርቀትና የፍጥነት ቁጥር በእጁ አልነበረም። አሌክሳንደር ላዙትኪንና ማይክል ፎል በመስኮት ዓይናቸውን ቢተክሉም መንኮራኩሯን ማየት አልቻሉም። ከመንኮራኩሯ በሚመጣው ምስል ላይ ደግሞ ጣቢያው ከበስተጀርባው ካለው ነጭ ደመና ጋር ተቀላቅሎ ነበር። በመጨረሻ ስትታይ ጊዜው አልፏል። የስፔክትር ክፍልን የፀሐይ ሰሌዳ መታች፤ ግድግዳውም ተበሳ፤ አየር መውጣት ጀመረ።

የስፔክትር በር መዘጋት ነበረበት፤ በበሩ ውስጥ ግን የኤሌክትሪክና የመረጃ ገመዶች አልፈው ስለነበር አይዘጋም። ገመዶቹ ተነቀሉ፤ ያልተነቀሉት ተቆረጡ፤ በሩ በክዳን ተዘጋ። ጣቢያው ከኃይሉ ብዙውን አጣ፤ ቀስ ብሎም መሽከርከር ጀመረ። ፎል አውራ ጣቱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ከዋክብት ሲያልፉ በማየት የሽክርክሩን ፍጥነት ገመተ፤ በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ ጣቢያው ተረጋጋ። ከዚያ በኋላ በሮች ውስጥ የሚያልፍ ገመድ ሁሉ በፍጥነት የሚነቀል መገጣጠሚያ እንዲኖረው ማድረግ ለምን ጥብቅ ሕግ እንደሆነ ይህ ቀን ያስረዳል። ስህተቱን ለአዛዡ ብቻ መስጠት ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ርቀትና ፍጥነት ሳይሰጡት 7 ቶን ንዳ የተባለ ሰው ነው።

ቶሩ ከዚያ በኋላም ሠርቷል። ኖቬምበር 29 ቀን 2013 ፕሮግረስ ኤም-21ኤም ከጣቢያው 60 ሜትር ያህል ስትርቅ ኩርሱ እክል ገጥሞት ኦሌግ ኮቶቭ በእጅ ነድቶ አስገባት። ቶሩ ራሱ ችግር የፈጠረበትም ጊዜ አለ፤ ጁላይ 2 ቀን 2010 የቴሌቪዥን ማስተላለፊያው የሬዲዮ ግንኙነቱን አውኮ ፕሮግረስ ኤም-06ኤም ጣቢያውን ስታ ጎኑን አልፋ ሄደች፤ ተመልሳ ጁላይ 4 ገባች። ያ ጥሩ ስህተት ነው። ግንኙነት ሲጠፋ መንኮራኩሯ መቅረብ ትታ እንድትርቅ ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ በትክክልም ያን አደረገች።

ከተጣበቀች በኋላ በሩ ወዲያው አይከፈትም። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ትንሽ ቦታ አየር ይሞላና ግፊቱ መውረድና አለመውረዱ ይታያል፤ አንድ የጎማ ማሸጊያ ላይ የተኛ ፀጉር እንኳ ሊያፈስ ይችላል። ሲከፈትም ጥንቃቄ አለ። ኖቬምበር 2024 ፕሮግረስ ኤምኤስ-29 በሯ ሲከፈት ያልተጠበቀ ሽታና ጠብታዎች ታዩ፤ ሠራተኞቹ በሩን መልሰው ዘጉ፤ አየሩ ተጣርቶ ምንም ችግር እንደሌለ ሲረጋገጥ ተከፈተ። የበሩ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ የሚሰፋ ዕቃ በፕሮግረስ አይሄድም፤ ትልልቅ ቁም ሣጥን መሰል መሣሪያዎች የሚሄዱት ሰፊ በር ባላቸው እንደ ኮኖቶሪ ባሉ መንኮራኩሮች ነበር።

ነዳጅ መቅዳቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ህዋ ላይ ፈሳሽ በታንክ ግርጌ አይቀመጥም፤ እንደ ኳስ ተንሳፍፎ ከጋዙ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በታንኩ ውስጥ ፈሳሹንና ናይትሮጅኑን የሚለይ ተለጣጭ ግድግዳ አለ፤ ናይትሮጅኑ ግድግዳውን ሲገፋ ፈሳሹ ይወጣል። ከፕሮግረስ ወደ ጣቢያው ለመቅዳት የጣቢያው ታንክ ግፊት ከፕሮግረስ ታንክ ግፊት ማነስ አለበት። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ ያለ ኮምፕሬሰር የታንኩን ናይትሮጅን እየመጠጠ ወደ ጠርሙስ ይመልሳል። ሳልዩት 6 ላይ ፌብሩዋሪ 1978 ሲሠራ ግፊቱ ከ20 ወደ 3 አትሞስፌር ይወርድ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ አንድ ኪሎ ዋት ያህል ስለሚበላ፣ ለዚያ ጣቢያ ደግሞ ያ ብዙ ስለነበር፣ ሥራው በቀስታ ይከናወን ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መስመሩ በጋዝ ይፈተሻል፤ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ የጣቢያውን ታንክ ያዘጋጃል፤ ነዳጁ ይቀዳል፤ ቀጥሎ አሚሉ ይቀዳል፤ በሁለቱ መካከል መቀላቀል የለም። ሲያልቅ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ጠብታ ወደ ህዋ ይጸዳል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከተዘለለ መንኮራኩሯ ስትለይ መርዙ መገጣጠሚያው ላይ ይቀራል፤ በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፍ ጠፈርተኛ ልብሱ ላይ ይዞት ሊገባ ይችላል። ፕሮግረስ በዚህ መንገድ እስከ 870 ኪሎ ግራም ታስተላልፋለች።

ውኃው ቀላል ይመስላል፤ እስከ 420 ኪሎ ግራም ትጭናለች። ግን የሩሲያው ክፍል ውኃ እንዳይበላሽ ብር ይገባበታል፤ የአሜሪካው ክፍል ደግሞ አዮዲን ይጠቀማል። ብርና አዮዲን ሲገናኙ ደለል ይሠራሉ፤ ቱቦ ይደፍናሉ፤ ሁለቱም መድኃኒትነታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ውኃ ሲሄድ አስቀድሞ ይጣራል። አየርና ኦክስጅን በጠርሙስ ይመጣል፤ ቫልቭ ተከፍቶ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል።

ከተጣበቀች በኋላ ፕሮግረስ ለወራት ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራዋ ብዙ ነው። ጣቢያው ከባቢ አየር ቀስ ብሎ ስለሚጎትተው ከፍታው ይወርዳል፤ ፀሐይ በተናደደችበት ዘመን ይበልጥ ይወርዳል። የፕሮግረስ ሞተሮች ጣቢያውን ገፍተው ያነሱታል። የተሰበረ ሳተላይት ስባሪ ወደ ጣቢያው ሲመጣም ከመንገዱ ዘወር የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ፕሮግረስ ጭነቷን ካራገፈች በኋላም ነዳጇ እንዲተርፍ ይታቀዳል።

መርከቧ እየተራገፈች ሳለ በሌላ በኩል ቆሻሻ ይገባባታል፦ ማሸጊያ፣ ያለቀ ማጣሪያ፣ የቆሸሸ ልብስ፣ የሰውነት ቆሻሻ የያዙ ዕቃዎች። ያ ሁሉ መመዘን፣ መታሰር፣ መመዝገብ አለበት፤ ያዘነበለ ቆሻሻ ያዘነበለ ጭነት ያህል ያስቸግራል። ሁሌ እንደታሰበው አይሄድም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023 ተጣብቃ የነበረችው ፕሮግረስ ኤምኤስ-21 የማቀዝቀዣ ፈሳሿ አፈሰሰ። ከሁለት ወር በፊት ሶዩዝ ኤምኤስ-22 ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለደረሰ ጥያቄው በረታ፤ ከሳምንት በኋላ ተለይታ ወደ ምድር ስትወርድ ተቃጠለች። ስትለይ የመጨረሻው ግፊት የሚሰላው ስብርባሪው ሰው በሌለበት የደቡብ ፓሲፊክ ክፍል እንዲወድቅ ነው። የዚያ ባሕር ማዕከል የሆነው ነጥብ ኔሞ ከማንኛውም ምድር 2,688 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አብዛኛው አካሏ አየር ላይ ይቃጠላል፤ ታንክና ወፍራም ብረት ግን ይደርሳል።

ሌሎቹን በጥቂቱ። የአሜሪካዋ ሲግነስ ራሷ አትጣበቅም፤ አሥር ሜትር ያህል ሲቀራት ትቆምና 17.6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ካናዳ የሠራችው የጣቢያው ሮቦት ክንድ ይይዛታል። ድራገን ራሷ ትጣበቃለች፤ ዋና ጥቅሟ ግን ወደ ምድር መመለሷ ነው፤ የደም ናሙና፣ የተበላሸ ፓምፕ፣ የጥናት ውጤት የሚወርደው በሷ ነው። የቻይናዋ ቲያንዡ ከ2017 ጀምሮ ለቻይና ጣቢያ ታገለግላለች። ሁሉም የተለያየ ሮኬት፣ የተለያየ በር፣ የተለያየ ድክመት አላቸው። ሲግነስ በ2014 ሮኬቷ ሲፈነዳ፣ ሮኬቱ እስኪጠገን ድረስ በሌላ ሮኬት፣ በአትላስ 5 ተጭና ዲሴምበር 2015 ተመለሰች። እንዲህ የተደረገው መንኮራኩሯ ከአንድ ሮኬት ጋር ብቻ እንድትታሰር ባለመገደዷ ነው።

አንድ ጉዞ ቀርቶኛል፤ ስንቅ ያልነበረው። ጃንዋሪ 24 ቀን 2001 ፕሮግረስ ኤም1-5 ወደ ሚር ተነሳች፤ ጭነቷ በአብዛኛው ነዳጅ ነበር። ሚር 130 ቶን ያህል ነበር፤ አርጅቷል። መንኮራኩሯ ተጣብቃ ሁለት ወር ቆየች። ማርች 23 ቀን ሞተሮቿ ሦስት ጊዜ ሠሩ፤ ጣቢያውን ከነራሷ ወደ ታች ገፋችው፤ ስብርባሪው ደቡብ ፓሲፊክ ላይ ወደቀ። ለአሁኑ ጣቢያም የሚጠበቀው እንዲሁ ነው። ጁን 2024 ናሳ ስፔስኤክስን መረጠ፤ ጣቢያውን ለማውረድ የምትሠራው መንኮራኩር ከጭነት ድራገን የተገኘች፣ 46 ድራኮ ሞተር ያላት፣ የሆዷ ቦታ በነዳጅ የተሞላ ትሆናለች።